ታክሲው ያላሳፈራቸው

«ይሄ ሊቢያ አይደለም።»

የአጎቴ ልጅ ይህን ያለው ፊልሙ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሽሮ ቀርቦልን እየበላን ነበር። የጠቀለላት ጉርሻ እጁ ላይ እንዳለች ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሎ ቀረ። እሑድ ማታ ነው፤ ከፓሪስ ወጣ ብላ ባለችው ጠባቧ ቤቴ። በሐምሌና በነሐሴ የፈረንሳይ ቴሌቪዥን አሮጌ ፊልሞቹን ከመደርደሪያ እያወረደ ይደጋግማል። ያን ዕለት የደረሰን «አን ታክሲ ፑር ቶብሩክ» ነበር፤ በእኛው «ታክሲ ወደ ቶብሩክ»።

«ምኑን አይተህ ነው?» አልኩት።

«አፈሩን እየው። ድንጋዩን እየው። እኛ ባለፍንበት እንዲህ ያለ ተራራ የለም። ሰማይና አሸዋ ብቻ ነው፤ ዓይንህ የሚያርፍበት ነገር አያገኝም።»

ልክ ነበር። ፊልሙ የተቀረጸው ደቡብ ስፔን፣ አልሜሪያ ውስጥ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት አንብቤ ነው። እሱ ግን አንድም ነገር ሳያነብ፣ ከሶፋው ሳይነሳ አወቀው። ለዓመታት አንድ ከተማ ስንኖር ስለዚያ መንገድ አውርቶኝ አያውቅም። እኔም አልጠይቀውም። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወገኖቻችን ሊቢያ ባሕር ዳርቻ ላይ እንዴት እንደታረዱ ዓለም ካየ በኋላ፣ በየቤታችን የአገሪቱ ስም ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል። እሱ የተሻገረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። እናቱ ያን ሰሞን በቀን ሦስቴ እየደወሉ ድምፁን ካልሰሙ አይተኙም ነበር፤ ጣሊያን መግባቱን እያወቁ።

እኔ ግን ይህን ፊልም እወደዋለሁ፤ ይህን ሳልደብቅ ልጀምር። አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ስማር መምህራችን በቪዲዮ ካሴት አሳየችን፤ ንግግሮቹን በቃላችን እስክንይዝ አስደገመችን። የጻፈው ሚሼል ኦዲያር ነው፤ የሰፈርን አነጋገር እንደ ቅኔ የሚያሳምር ሰው። አንዷን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፦ ሁለት የተቀመጡ ምሁራን፣ የሚራመድ አንድ ደንቆሮ የደረሰበት አይደርሱም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቋንቋ ከመጽሐፍ ወጥቶ አፌ ውስጥ የገባው ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታሪኩ ይህ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1942 ነው። የሊቢያዋ ወደብ ቶብሩክ በሰኔ ወር በጀርመኑ ጄኔራል በሮሜል እጅ ወድቃ ከሠላሳ ሺህ በላይ የእንግሊዝ ጦር ወታደሮች ተማርከውባታል። ፈረንሳይ ለጀርመን እጅ ስትሰጥ እምቢ ካለው ከጄኔራል ደ ጎል ጎን የቆሙ ጥቂት የነጻ ፈረንሳይ ወታደሮች ከተማዋ ላይ አደጋ ጥለው ሲመለሱ፣ መኪናቸውን ከአየር ተመትተው ያጣሉ። አራት ሰዎች በእግራቸው በረሃ ይቀራሉ። በጥም ሊያልቁ ሲሉ በመንገድ ላይ ያረፉ ጀርመኖች ያገኛሉ። ተኩሰው ይገድሏቸዋል፤ አንድ መቶ አለቃ ወይም ሻምበል የሚሆን መኮንን ብቻ ይተርፋል፤ ፎን ሽቴገል ይባላል። መኪናውንም ሰውየውንም ይዘው እንግሊዞች ወደያዙት፣ ግብፅ ውስጥ ወዳለው ኤል አላሜን ጉዞ ይጀምራሉ። ታክሲው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም ይገምተዋል፤ ግን ሲሆን ማየት ልብ ይነካል። አምስት ሰው አንድ መኪና ውስጥ ቀን ከሌሊት ሲከርም ጠላትነት ቦታ ያጣል። ውኃ ይካፈላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ስለ ቤታቸው ያወራሉ። ጀርመኑ ፈረንሳይኛ አሳምሮ ይናገራል። ከፈረንሳዮቹ አንዱ ሳሙኤል ጎልድማን የሚባል አይሁዳዊ ሐኪም ነው። ሻርል አዝናቩር ነው የሚጫወተው፤ ዘፋኙ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ ፊልሙ አይጮህም፤ ካሜራውም አይቸኩልም። ቀስ በቀስ መጠራሪያው «አንተ ጀርመን» መሆኑ ቀርቶ ስም ይሆናል። ሰውን በስሙ ከጠሩት በኋላ መግደል እንዴት እንደሚከብድ እንዲህ ያለ ድካም ሳይታይበት ያሳየ ሌላ የጦርነት ፊልም ብዙ አላየሁም።

መጨረሻውን ልንገራችሁ፤ ከስልሳ ዓመት በላይ ያለፈው ፊልም ነው። ወገናቸው ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የተሳፈሩበት መኪና የጀርመን ነውና የራሳቸው ወገን ይተኩስባቸዋል። አንድ ሰው ብቻ ይተርፋል፤ ቴዎ ዱማ፣ ሊኖ ቬንቱራ የሚጫወተው። ከጦርነቱ በኋላ በፓሪሱ ሻንዜሊዜ ጎዳና ላይ ሰልፍ ሲያልፍ ከሕዝቡ መሐል ቆሟል። ኮፍያህን አታወልቅም ብሎ የሚገሥጸው ሰው ከጎኑ አለ። ዱማ አይመልስለትም።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አለቀስኩ። አሁን ግን፣ «ይሄ ሊቢያ አይደለም» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ተሰክቶ፣ ፊልሙን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አንድ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁት። አገሩ ሊቢያ ነው ተብሏል፤ ግን ስም ያለው፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር አንድ ሊቢያዊ የለም። እረኛ የለም፣ ጉድጓድ የሚቀዳ ሰው የለም፣ ግመል የሚነዳ ልጅ የለም። አምስቱ አውሮፓውያን ሰው መሆናቸውን የሚፈልጉበት ባዶ ሜዳ ብቻ ነው። የባዶነቱ ነገር ፊልሙን ያሳምረዋል፤ ሌላ ሰው ስለሌለ እርስ በርስ መተያየት ግድ ይሆንባቸዋል።

ያ ምድር ግን ባዶ ሆኖ አልተፈጠረም።

ጣሊያን ሊቢያን የወረረችው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። የምሥራቁ ክፍል፣ ሲሬናይካ፣ ሃያ ዓመት ተዋጋት። በ1930 ሮዶልፎ ግራዚያኒ ጀበል አኽዳር የሚባለውን ተራራማ አገር አርብቶ አደር ሕዝብ ከነከብቱ አስነቅሎ ወደ ባሕሩ ዳርቻ አስነዳው። ወደ መቶ ሺህ ሰው ነው። በሶሉቅ፣ በኤል አጌይላ፣ በመርሳ ብሬጋ በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ውስጥ ታጎሩ፤ በረሃብና በበሽታ አሥር ሺዎች አለቁ። በጎቻቸውና ግመሎቻቸውም አለቁ፤ ለአርብቶ አደር ይህ ሁለተኛ ሞት ነው። ከግብፅ ስንቅና መሣሪያ እንዳይገባ ከባሕሩ በረሃው ውስጥ እስካለችው ጃግቡብ 270 ኪሎ ሜትር ያህል የእሾህ ሽቦ ተዘረጋ። መስከረም 16 ቀን 1931 የዐመፁ መሪ፣ ሽማግሌው ኦማር ሙክታር ሶሉቅ ላይ በተሰበሰበው እስረኛ ፊት ተሰቀሉ።

በፊልሙ ከቶብሩክ ወደ ኤል አላሜን የምትነዳው መኪና ያን የሽቦ መስመር ሳታልፍ ወደ ግብፅ መግባት አትችልም። እንግሊዞች ከ1940 ጀምሮ ብዙ ቦታ በጥሰውታል። ሆኖም መስመሩ እዚያው ነው፤ ካምፑ ከተዘጋም ገና አሥር ዓመት አልሞላውም። ባዶ የመሰለን ሜዳ ሰው የተነቀለበት ሜዳ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግራዚያኒን የምንቆጥረው ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምረን ነው። ሊቢያውያን ቀድመውን ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ ያደረገውን ሲያደርግ እጁ ሥራውን ለምዶ ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላው ነው። ሊቢያን ለመስበር ጣሊያን ከ1912 ጀምሮ ኤርትራውያን አስካሪዎችን በመርከብ እየጫነ አዘመተ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ በኦጋዴን በኩል ሊቢያውያን ወታደሮችን እኛ ላይ አዘመተ። አንዱን ሕዝብ ሲሰብር በሌላው እጅ ነው። በዚያ አሸዋ ላይ ትግርኛ የሚናገሩ ልጆች በጥም ወድቀዋል፤ አሸዋው ዛሬም ትግርኛና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ይወድቁበታል።

ሁለተኛው ክፍተት ለፈረንሳዮች ራሳቸው መራር መሆን አለበት። የነጻ ፈረንሳይ ወታደር በአፍሪካ በረሃ ማን ነበር? የፊልሙን አራት ሰዎች ያየ፣ ነጭ ነው ይላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ደ ጎልን በአፍሪካ ቀድማ የተቀበለችው ቻድ ናት፤ ነሐሴ 1940፤ ገዥዋ ፌሊክስ ኤቡዬ የሚባል ከጉያና የመጣ ጥቁር ሰው ነበር። በመጋቢት 1941 በሊቢያ በረሃ ያለችውን ኩፍራን ከጣሊያን እጅ የወሰደው የነጻ ፈረንሳዩ መኮንን የለክሌር ጦር አብዛኛው የቻድና የአካባቢው ሰው ነበር። እዚያው ሊቢያ፣ ቢር ሃኬም ላይ በ1942 ግንቦትና ሰኔ ወደ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ የሚሆኑ ተዋጊዎች ሮሜልን ከሁለት ሳምንት በላይ ሲያቆሙት፣ ከመሐላቸው ከኡባንጊ ሻሪ የመጣ፣ ማለትም ከዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ፣ አንድ ሙሉ ሻለቃ ነበረ። ከእኛም ብዙ አይርቅም። በየካቲት 1941 ኤርትራ ውስጥ ኩብ ኩብ ላይ ጣሊያንን የወጋው የነጻ ፈረንሳይ ሻለቃ ከቻድ የመጣ ነው። ከረንን ለመክፈት በተደረገው ውጊያ የቻድ ልጆች ደም አለበት። እኛ ትምህርት ቤት የከረን ውጊያ ሲነሳ እንግሊዝና ሕንድ ብቻ ነበር የምንሰማው።

ፓሪስ ነጻ ልትወጣ ስትቃረብና ከወጣችም በኋላ፣ በ1944፣ እነዚህ ጥቁር ወታደሮች ከግንባር እየተነሱ ዩኒፎርማቸው ለነጭ ወጣቶች ተሰጠ። ፈረንሳዮች ራሳቸው «ማንጻት» ብለው ይጠሩታል፤ ነጭ ማድረግ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን ዳካር አጠገብ ቲያሮይ በሚባል ካምፕ፣ ከጀርመን ምርኮ የተመለሱ አፍሪካውያን የተያዘባቸውን ደመወዝ ሲጠይቁ የገዛ ጦራቸው ተኩሶ ገደላቸው። ፈረንሳይ ድርጊቱን በፕሬዚዳንቷ ደብዳቤ ጭፍጨፋ ብላ የጠራችው በ2024 ነው። እንግዲህ ሻንዜሊዜ ላይ ኮፍያውን ባለማውለቁ የሚገሠጸውን ዱማን ሳይ፣ ሰልፉን ዳር ቆሞ እንኳ ለማየት ዕድል ያላገኙት ሰዎች ይታዩኛል። ፊልሙ አንድ የተረሳ ወታደር ሊያሳየን ይፈልጋል፤ ተሳክቶለታልም። የተረሱት ግን እጅግ ብዙ ናቸው።

ጎልድማንን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ካወቅሁት ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ጎልድማን በዚያ መኪና ሲጓዝ፣ በዚያው ዓመት፣ የቤንጋዚና የአካባቢዋ አይሁዶች ከቤታቸው ተወስደው ከትሪፖሊ ደቡብ ጃዶ በሚባል ተራራማ ቦታ በጣሊያን ካምፕ ታስረው ነበር። ወደ 2,600 ሰዎች። ረሃብና ታይፈስ 562 ገደለባቸው። ፊልሙ አይሁዳዊ ገጸ ባሕርይ ፈልጎ ከፈረንሳይ አመጣ፤ እዚያው በረሃው ጫፍ ላይ እስረኛ የነበሩትን አላያቸውም። ክፋት ነው አልልም። ካሜራው ወደዚያ መዞር አልለመደም።

ፊልሙ የወጣበትን ጊዜም ማሰብ ያስፈልጋል። አዘጋጁ ዴኒ ደ ላ ፓተሊዬር በ1961 ግንቦት ለሕዝብ ሲያቀርቡት፣ በፈረንሳይ ቅኝ በተያዘችው አልጄሪያ፣ አልጀርስ ላይ፣ የፈረንሳይ ጄኔራሎች በደ ጎል ላይ መፈንቅለ መንግሥት ከሞከሩ ገና አንድ ወር አልሞላም ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የፈረንሳይ ወጣቶች አልጄሪያ ውስጥ ጦርነት ላይ ነበሩ፤ እነሱ ከጠላታቸው ጋር አንድ መኪና አልተሳፈሩም። አልጄሪያ በረሃ ሬጋን ላይ የአቶሚክ ቦምብ እየተሞከረ ነበር፤ እዚያም በረሃው ባዶ ነው ተብሎ። በአገሩ ስለዚያኛው ጦርነት መናገር ከባድ ነበርና፣ ያለቀውን ጦርነት ተናገሩ። ከጀርመን ጋር መታረቅ በሁለት ዓመት ውስጥ ውል ተፈርሞበታል። ከአልጄሪያ ጋር ግን እስከ ዛሬ ቁስሉ አልሻረም። ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው ለዚህም ይመስለኛል፤ በበረሃ ውስጥ የቆመ ፈረንሳዊ ወታደር ሰው ሆኖ ማየት ለሕዝቡ እፎይታ ነበር።

ተዋናዮቹ ራሳቸው ጦርነቱን በገላቸው ያውቁት ነበር። ሊኖ ቬንቱራ ጣሊያናዊ ነው፤ ፓርማ ተወልዶ፣ ፈረንሳይ አድጎ፣ እስኪሞት ድረስ የፈረንሳይ ዜግነት ያልወሰደ። ለጣሊያን ጦር ተመልምሎ የከዳ ሰው ነው። ሊቢያን የወረረችው የአባቱ አገር ናት። ፊቱ ላይ ያለው ያ ድካም ትወና ብቻ አይመስለኝም። ጀርመኑን የተጫወተው ሃርዲ ክሩገር በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለሂትለር ጦር የታጠቀ ልጅ ነበር፤ ኋላ ታንዛኒያ ሄዶ ከሜሩ ተራራ ሥር ለዓመታት ኖሯል።

እና ያ 1961፣ ነጻ ከወጣች አሥር ዓመት የሆናት ሊቢያ የመጀመሪያ ነዳጇን በመርከብ የጫነችበት ዓመት ነው። የተጫነው ከመርሳ ብሬጋ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ካምፕ የነበረበት መርሳ ብሬጋ። የአጎቴ ልጅ ያለፈበት አጅዳቢያ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ወደ እሱ ልመለስ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ማታ ግን አራቱ ወታደሮች በእግር የሚሄዱበት ክፍል ሲመጣ የእሱ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። ዱማ የሚራመድበትን እርምጃ አየ። ከንፈራቸውን አየ።

«ውሸት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ሲጠማ እንዲህ አያወራም። ምላስህ አይታዘዝልህም።»

ከዚያ ሳልጠይቀው ቀጠለ። ከሱዳን ሲወጡ አንድ ፒክአፕ ላይ ሠላሳ አንድ ሰው ነበሩ። ዳር የተቀመጠ ሰው እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ፣ እንዳይወድቅ በእግሮቹ መሐል የተሰካ ዱላ ይይዛል። የወደቀ ሰው ቢኖር መኪናው አይቆምም። ውኃው ጄሪካን ውስጥ ነው፤ ብዙ እንዳይጠጡ ሹፌሮቹ ቤንዚን ጠብ ያደርጉበታል። እስከ ኩፍራ በስም የጠራው ሰው የለም። ሲያስረክቡም ቆጥረው ነው፤ ገንዘቡም በቁጥር ነው። ከኩፍራ በኋላ መኪና ቀየሩ፤ እሷም ሌሊት ላይ ተበላሸች። ሹፌሩ ጥሏቸው ሄደ። ንጋት ላይ ወደ ሰሜን መራመድ ጀመሩ፤ ሰሜን መሆኑን የነገራቸው የጎንደር ልጅ ነበር፣ በኮከብ።

ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጠፋሁት። ሥዕሉ ቀጠለ። ቬንቱራ መሪውን ይዞ ይነዳል፤ ጀርመኑ ከጎኑ ነው።

«በማግሥቱ ረፋድ ላይ በግ አየን» አለ። «በግ ካለ ሰው አለ። ሽማግሌ ነው፤ ብቻውን። እኛ አሥራ ዘጠኝ ነበርን የቀረነው። ሲያየን ይሸሻል ብዬ ነበር፤ ወይም ስልክ ደውሎ ይሸጠናል። በአረብኛ የሆነ ነገር አለ፤ ከመሐላችን አረብኛ የሚችለው ልጅ እንኳ አልገባውም። ሄዶ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ ያ ሰማያዊ የዘይት ቀለም የነበረበት፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ የደረቀበት። ወተት ነው። የግመል ይሁን የፍየል አላውቅም። ለእያንዳንዳችን በእጁ እየያዘ ነው ያጠጣን፤ ቆርቆሮውን አለቀቀልንም። አንዱ ብዙ ሊጎነጭ ሲል ግንባሩን በመዳፉ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እንደ ጥጃ። መጀመሪያ የሰጠው ለሴቶቹ ነው።»

ዝም አለ። እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅሁ።

«ከዚያ በእጁ አሳየን፤ በዚያ በኩል። ሄድን።»

«ስሙ ማን ይባላል?» አልኩት።

«አልጠየቅነውም» አለና ጉርሻዋን አፉ ውስጥ ከተታት። ቀዝቅዛ ነበር።